ቦርጬን ያላየው ሚዛን

ድሮ ክብደት መለካት ቀላል ነበር። መገናኛ አካባቢ እግረኛ መንገድ ላይ አንድ ልጅ ሚዛኑን ከፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል። ጫማህን ሳታወልቅ፣ ቦርሳህን እንዳንጠለጠልክ ትወጣለህ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያይና «76» ይልሃል። ሳንቲሙን ሰጥተህ ትሄዳለህ። ቁጥሩ ካልጣመህ ጫማው ነው፣ ቦርሳው ነው፣ ኪስህ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው። ልጁም ከቁጥሩ ሌላ ስለ ሰውነትህ ምንም አስተያየት የለውም።

አሁን ቤቴ ውስጥ አስተያየት ያለው ሚዛን ገብቷል።

ያመጣችልኝ ከአሜሪካ የመጣች እህቴ ናት። ሰው ከአሜሪካ ሲመጣ ጫማ ይዞ ይመጣል፣ ሽቶ ይዞ ይመጣል። እሷ ሚዛን ይዛ መጣች። ኤርፖርት አቅፋኝ «ተመችቶሃል» ስትል ዓይኗ ቦርጬ ላይ ነበር። ዕድሜ ልኬን «ተመችቶሃል»ን እንደ ምርቃት ስቀበል ኖሬ፣ እንደ ምርመራ ውጤት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቤቴ የካ አባዶ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሚዛኑን ሳሎን መሐል አስቀመጥነው። መስታወት ነው፤ እግር የሚያርፍባቸው አራት የብረት ሰሌዳዎች አሉት፤ ከስልክ ጋርም ይገናኛል። መጀመሪያ ስወጣበት 179.5 አለ። ባለቤቴ «ውይ በሞትኩት!» ብላ አፏን ያዘች። ለካ ፓውንድ ነው። ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ተጭነን ወደ ኪሎ ስንመልሰው 81.4 ሆነ። ከ179 ወርዶ 81 ላይ ማረፍ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ደስታው ብዙም አልቆየ። ሚዛኑ ትንሽ አሰበና «ስብ 29.1%» አለ።

29 ቢለኝ እከራከረው ነበር። ያቺ ነጥብ አንድ ናት አፌን ያዘጋችኝ። ባለሱቁ «መቶ ብር ገደማ ነው» ሲልህ ትከራከራለህ። «መቶ ሦስት ብር ከሃያ አምስት» ካለህ ግን ዝም ብለህ ትከፍላለህ። የሆነ ቦታ የተሰላ ነገር አለ ማለት ነዋ።

በማግስቱ ታች ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁትን ጋሼን አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ስልኩ ላይ የትውልድ ዘመንህን ስንት ብለህ ሞላህ?»

«1977።»

«በማን አቆጣጠር?»

እኔ በእኛ ነው የሞላሁት። ሚዛኑ በፈረንጅ ነው ያነበበው። አንድ ቀን ሳልኖርበት 7 ዓመት ከምናምን አስረጅቶኛል። ሳስተካክለው ስቤ ከ29.1 ወደ 27.6 ወረደ። በሕይወቴ ከወሰድኳቸው የክብደት መቀነሻ እርምጃዎች ሁሉ ውጤታማው ይሄ ነው፤ ካሌንደር መቀየር።

«ግን ዕድሜዬ ከስቤ ጋር ምን አገናኘው?» ስላቸው ጋሼ ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። ሚዛኑ ስብ አይለካም። የሚለካው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ክብደት ነው። ሌላው ደግሞ ኤሌክትሪክ በሰውነትህ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት ነው። ከአንድ ሚሊአምፔር ያነሰ፣ ጭራሽ የማይሰማህ ኤሌክትሪክ በአንድ እግርህ ያስገባና በሌላው ይቀበለዋል። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ እንደ ልቡ ያልፋል። ስብ ውስጥ ግን ውሃው ጥቂት ነውና ይቸገራል። ሚዛኑ የችግሩን መጠን ያይና ክብደትህን፣ ቁመትህን፣ ዕድሜህን፣ ጾታህን ጨምሮ በቀመር ይገምታል። ቀመሩ ሌላ ቦታ፣ ሌሎች ሰዎች ተለክተው የተሠራ ነው። አንተን የሚመለከተው «እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ስብ አለው» ብሎ ነው።

ባጭሩ ሐሜት ነው። ነጥብ የተጨመረበት ሐሜት።

«ደግሞ» አሉ ጋሼ፣ «ኤሌክትሪኩ ቦርጭህ ጋ አይደርስም።»

«እንዴት?»

«ከመገናኛ አባዶ ብለህ የተሳፈርክበት ታክሲ ካራ ላይ 'መጨረሻ ነው፣ ውረዱ' ብሎ አያውቅም? በቀኝ እግርህ ይገባል፣ ዳሌህ አካባቢ ይታጠፋል፣ በግራ እግርህ ይወጣል። ከዚያ በላይ ያለውን አላየውም፤ በግምት ነው የሚሞላው።»

ይሄን ስሰማ በጣም ተናደድኩ። ችግሬ ያለው አባዶ፣ ፍተሻው ካራ ላይ አልቋል! በእጅ የሚያዙ በእግርም የሚረገጡ፣ ስምንት የብረት ሰሌዳ ያላቸው ማሽኖች ላይኛውንም አካል ስለሚያዳርሱ ይሻላሉ አሉኝ። እነሱም ቢሆኑ ያው ገማቾች ናቸው።

ወሬው በአንድ ቀን ብሎኩን አዳረሰው። ቡና ሊጠጣ የሚመጣው ሰው በዛ። ድሮ ጫማ በር ላይ የሚወልቀው ለምንጣፉ ነበር፤ አሁን ለሚዛኑ ሆነ። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡበት ባለቤቴ ስልኩን ይዛ ዕድሜያቸውን ጠየቀች። እትዬ ዞር ዞር ብለው አዩን።

«የመታወቂያውን ነው የእውነቱን?»

ሁለቱንም ሞከርነው። በመታወቂያው ዕድሜ ስባቸው ቀነሰ። «በቃ በእሱ ይሁን፣ መንግሥት የሚያውቀው እሱን ነው» አሉና ወርደው ስኒያቸውን ያዙ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ልትወጣ ስትል ጋሼ ከለከሏት። ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን፣ ማንም የማያነባትን ወረቀት ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ደግሞ ጨርሶ መውጣት የለበትም። እሳቸውም የማይወጡት ለዚህ ነው። እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ስልኩ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «አትሌት ነዎት?» የሚል። እዚህ ሰፈር ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጎህ ሲቀድ በለገጣፎ መንገድ እንደ አጋዘን እየተንሳፈፉ የሚያልፉ ልጆች አሉ። እኔም በየቀኑ ታክሲ ለመያዝ እሮጣለሁ። ስለዚህ «አዎ» አልኩት። ስቤ ከ27.6 ወደ 20.3 ወረደ። አንድ እርምጃ ሳልራመድ፣ በአውራ ጣቴ ብቻ። ምድር ቤት የተከራየው እውነተኛው ሯጭ ደግሞ ይሄን ቁልፍ ሳይነካ ቢወጣበት፣ ያ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ፣ ከጠበቀው በላይ ስብ ተገኘበት። ቀመሩ ከተራው ሰው ጋር ደባልቆት ነው። ልጁ ተጨንቆ እራት ሊቀንስ ሲል ነው የደረስንበት። እኔም የራሴን መልስ ወደ «አይደለሁም» መለስኩት።

እኔ ግን በሚዛኑ ተለከፍኩ። ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። አንድ ነገር አስተዋልኩ። በእኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በመጣበት ቀን ገላዬን ታጥቤ፣ እግሬ ሳይደርቅ ከወጣሁበት ስቤ ይቀንሳል። ውሃ በጠፋ ቀን ይጨምራል። እግሩ ሲርስ፣ ቆዳው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋላ! የቧንቧው ፈረቃ እስከ ስቤ ድረስ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስቅለት ዕለት ባሰ። ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ። እህልም ውሃም ባፌ አልዞረ። ማታ ቤት ገብቼ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁበት። ክብደቴ 79.8 ወርዷል። ስቤ 29.4 ደርሷል።

54 ቀን ጾሜ፣ ስቅለትን ሰግጄ ውዬ፣ ሰብቼ ተመለስኩ!

ጋሼ ስልኬን አይተው አልገረማቸውም። «ውሃህ ሲቀንስ መንገዱ ይደርቃል፤ ኤሌክትሪኩ ይቸገራል። ሚዛኑ ደግሞ የተቸገረበትን ነገር ሁሉ ስብ ነው ይላል» አሉኝ። ልጠቀምበት ካልኩ ጠዋት ተነስቼ፣ ሽንት ቤት ደርሼ፣ ሳልበላ ሳልጠጣ፣ ሁልጊዜ እዚያው ጠንካራ ወለል ላይ አድርጌ እንድለካ መከሩኝ። የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ሳይሆን የዚህን ወር ካለፈው ወር ጋር እንዳነጻጽር። በዚያውም ላይ ጨመሩልኝ። አውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን ከሆነ እዚህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርበን ስንኖር የመሬት ስበት ትንሽ ስለሚያንስ ከ80 ኪሎዬ ላይ ሩብ ኪሎ ገደማ ይደብቅልኛል። ሩብ ኪሎ ሥጋ ስንት እንደሚሸጥ ለምታውቁ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦርጩን ማወቅ ከፈለግኩ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋ እንድሄድ ነገሩኝ። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ ካለፈ ነገር አለ ማለት ነው። ቁመቴ 170 ነው። ግማሹ 85። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ዙሪያዬን አጠለቀና «97» አለ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነበር። «አሁን ደግሞ ተንፍስ» አለኝ። ቀሪውን ለራሴ ላቆየው።

ለፋሲካ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። እንደ ሁሉም እንግዳ ወደ ሚዛኑ ተመራች። ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ክብደቷን ተናገረ፤ ስቧ ላይ ሲደርስ ግን ስህተት ነው ብሎ ዘጋ። ደጋገምነው። አሁንም ስህተት። ያ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ስንት ዳገት የወጣ ተረከዝ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ አለ።

«ምን አለ?» አለች።

«አላወቀሽም እማዬ።»

«እኔስ መቼ አወቅኩት» ብላ ወረደች።

ቅዳሜ ጠዋት በግ ልንገዛ አብረን ወጣን። እናቴ በግ ስትመርጥ አይታችኋል? ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፤ እጇ ነው የሚሠራው። መዳፏን ወገቡ ላይ አሳርፋ በጣቶቿ አከርካሪውን ትፈልጋለች። አጥንቱ ጣቷን ከወጋት ታልፈዋለች። አጥንቱን ለማግኘት ጫን ማለት ካስፈለጋት ትቆማለች። ከዚያ ላቱን ከሥር ደገፍ አድርጋ ትመዝነዋለች። የእንስሳት ሐኪሞችም እንዲሁ ወገቡን ዳብሰው ነው ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡት። እናቴ ነጥብ አትሰጥም፤ «ይሄን ያዝ» ነው የምትለው። በጉን ስጎትት እሷ ከኋላ መጥታ በሸሚዜ ላይ ጎኔን ጨበጥ አደረገችው። ምንም አላለችም። ፈገግ ብላ ቀደመችኝ።

ግቢ ስንገባ ጋሼ በጉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ስንት ገዛችሁት? ይሄማ ጨው አልሰው ውሃ የሞሉት ነው። 20 ኪሎም አይሞላ!»

እናቴ ተቆጣች። «እጄ ተሳስቶ አያውቅም!»

ጠቡ የሚፈታበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ሚዛኑን አውርጄ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩት። በግ አርፎ አይመዘንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁ፣ 80.6። ቀጥሎ ጫማዬን እንዳወለቅኩ በጉን አቅፌ ወጣሁ። በጉ ይራገጣል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ እትዬ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ «ወገብህን!» ይላሉ። 108.2። ጋሼ በቃላቸው ቀነሱት። 27.6 ኪሎ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ በላይ አልፈከረችም።

ሚዛኑ ግን ሥራውን አልጨረሰም ነበር። እኔ ጠቡ ተፈታ ብዬ በጉን ይዤ ሳልወርድ ቆሜያለሁ፤ እሱ ከሥር ኤሌክትሪኩን ይልካል። ቁመቱ ያው፣ እግሩ ያው፣ እንቅፋቱ ያው፤ ክብደቱ ግን በአንዴ በ27.6 ኪሎ ጨምሯል። ጭማሪው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስልኬ ቀይ ሆኖ «ስብ 41.8%» አለ። በጉ ከነጸጉሩ፣ ከነቀንዱ በስሜ ስብ ተብሎ ተመዘገበ።

እሁድ ጠዋት በጉ ታረደ። ቤቱ በቁሌት ሽታ ታውዷል፤ ከታች «የበግ ቆዳ ያለው!» የሚለው ልጅ ይጮኻል። እኔ በለመደ እግሬ ሄጄ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። 80.9። ስልኬ ተንጫጫ፣ በቀለም ተጥለቀለቀ፣ ርችት ተኮሰ። በአንድ ቀን ከ27 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ በዚሁ ይቀጥሉ ይላል።

ፎቶ አንስቼ አሜሪካ ለእህቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እውነትህን ነው? ምን ተጠቅመህ ነው?»

«በግ» አልኳት።