ድንገት የሞተ ሁሉ ተኮነነ ማለት አይደለም

ስለ ድንገተኛ ሞት ያነበብኩት ጽሁፍ ላይ «ድንገት ንስሐ ሳይገባ የሞተ መንግሥተ ሰማያት አይገባም» የሚለው ነገር በጣም ነው ያሳዘነኝ። የአክስቴ ልጅ በመኪና አደጋ ነው የሞተው፣ አክስቴ እስከዛሬ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ልጄ የት ይሆን ያለው» እያለች ነው የምታለቅሰው፣ እሷ ይሄን ብታነብ ምን ትሆናለች?

ሉቃስ 13 ላይ እኮ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድል ጌታ ራሱ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ነው የተናገረው፣ እርግጥ ንስሐ ግቡም ብሏል፣ ግን ያለው ቆመው ለሚሰሙት ነው። ደሞ እስጢፋኖስ ተወግሮ ነው የሞተው፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ተፈርዶበት ነው የሞተው ግን በዛው ቀን ገነት ተባለለት፣ አልዓዛር ደግሞ ውሻ ቁስሉን እየላሰው ሰው ደጅ ወድቆ ኖሮ ሲሞት መላእክት ናቸው የወሰዱት። ታዲያ አሟሟት ምን ይለያል? የሚለየው ልብ ነው፣ እሱን ደሞ የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ራሱን ስላጠፋ ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው፣ ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት መሆኑን አልክድም፣ ሆኖም በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ (የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት ትምህርት መጽሐፍ) እንኳን ከባድ የአእምሮ ህመም የሰውየውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችልና ስለ መዳናቸው ተስፋ መቁረጥ እንደሌለብን ይላል። ጸሐፊው እባክህ ያቺን «ድንገት ንስሐ ሳይገባ የሞተ» የምትለዋን አንድ መስመር አስተካክላት።