ቴርሞሜትር ለያዙ ሊቃውንት

የአየር ትንበያን ከሰው ልብ ጋር ያጋቡልን ሊቃውንት በዝተውልናል፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተገኝተውልኝ፣ አቦሉ ሳይወርድ ሁለት ሕዝብ ለክተው ጨረሱ። እንግሊዝ አገሩ ብርድ ስለሆነ ደስ ሲለው «ልቤን አሞቀው» ይላል፤ ዓረብ አገሩ በረሃ ስለሆነ «አስለጀ ሰድሪ» ይላል፣ ደረቴን በረዶ አደረገው እንደማለት። አለቀ! ቴርሞሜትር እያለ መዝገበ ቃላት ማን ይገልጣል?

አልዋሹም። ዓረብኛ የሚሳሱለትን ልጅ «ቁረተ ዐይን»፣ የዓይን ቅዝቃዜ፣ ይለዋል፤ የደስታ እንባ ቀዝቃዛ፣ የሐዘን እንባ ትኩስ ነው ይሉ ነበር የድሮዎቹ። ያው ዓረብኛ ግን እንግዳን «ሓር»፣ ትኩስ፣ አቀባበል ያደርግለታል፤ ለሐዘንተኛ የሚልከው ማጽናኛም የጋለ ነው። እንግሊዙም ያን ሁሉ ብርድ ችሎ፣ ነገር ሲያምርለት «ኩል!»፣ ቀዝቃዛ፣ ይላል። ሊቁ ይህን የዘለሉት ሰዓት አጥሯቸው ይሆናል።

እኔማ ሳይንሱን ወደ አገር ቤት አመጣሁት። እኛ ደስ ሲለን «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እንላለን፤ ስለዚህ አገራችን ቅቤ ይዘንባል። በልግ ላይ ለጋው ያካፋል። ሐምሌ ሲገባ የተነጠረው ይወርዳል፣ አንዳንድ ቦታ ኮረሪማ የቀላቀለ። ሰው ጃንጥላውን ገልብጦ ይወጣል። አሸንዳው ሥር እንስራ ተደርድሮ ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል፤ ታክሲው ዳገቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሁዳዴ ሲያዝ ደግሞ ደመናው እስከ ፋሲካ ይገዘታል። ያልጾመ ደመና ካለ ንስሐ አባቱ ይጠየቁ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይቁም። ቡናውን የምታፈላው ልጅ ጅዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የመጣች ናት። «እኔን ግን ‹ባሪዳ› እያሉ ነበር የሚሰድቡኝ፤ ቀዝቃዛ፣ የማይሰማሽ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አይ፣ እሱ እዚያ ሙገሳ ነው። አልገባሽም» አሏት።

አልገባሽም! ቃሉን ሰባት ዓመት ፊቷ ላይ የተቀበለችውን ልጅ፣ ሁለት ቃል ከስልክ የለቀመ ሰው ያርማታል? ይህ አላዋቂነት ብቻ አይደለም፤ ንቀት ነው። እኛም አፋችንን በፈንዲሻ ሞልተን ዝም አልን፤ እኔን ጨምሮ።

እሷ ምንም አላለች። ቶናውን ቀዳች። ሊቁ ሦስተኛ ሕዝብ ሊለኩ ተነሥተው ኖሮ ስኒያቸውን ረስተውት ቆዩ፤ ኋላ ፉት ሲሉ ፊታቸው ተኮማተረ።

«ቡናው በርዷል!»

«ማመስገንዎ ነው፣ ጋሼ?»