አጎቴ መድኃኒት የሚሉት ነገር

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ምንጃር አጎቴ ቤት ነበርኩ። ጠዋት ቡና ተጠጥቶ ገና ረከቦቱ ሳይነሳ አጎቴ አንድ ስኒ ብድግ አድርገው ወደ ደጅ ወጡ። ተከተልኳቸው። ግድግዳው ጥግ አንድ ጀሪካን ተቀምጧል። ከፈቱት፣ ቡናማ ፈሳሽ በስኒው ሞልተው ቀዱና በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ውስጥ ገለበጡት። ደግመው ሞሉ። ሽታው የሆስፒታል ኮሪደር ይመስላል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?»

«የጤፉ መድኃኒት ነዋ። ቱፎርዲ።»

«ሁለት ስኒ ነው እንዴ የሚባለው?»

«አንድ ነው። ሁለተኛው ለጥርጣሬ ነው።»

አክስቴ ከውስጥ «ያቺን ስኒ ወዲህ እንዳይመልሷት!» አሉ። ማታ ላይ ስኒዋ ረከቦቱ ላይ ከነጓደኞቿ ተደርድራ አየኋት። ታጥባለች ተባልኩ።

ይህን የአረም ማጥፊያ ያነሳሁት ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ ስለሱ «እንጀራችን ላይ የቬትናም መርዝ እየተረጨ ነው» የሚል ጽሑፍ ሲዞር ስላየሁ ነው። ከሥሩ ግማሹ ሰው «በቃ አለቅን» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ስንት ዓመት ሲረጭ ኖሯል፣ ማን ሞተ?» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ ግን ለምን እንደማልስማማ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ቱፎርዲ የምንለው ስም የእንግሊዝኛ ቁጥርና ፊደል ነው፦ ሁለት፣ አራት፣ ዲ። ሙሉ የኬሚስትሪ ስሙን ብጽፈው ገጹን ትዘጉታላችሁ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው። በ1941 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሮበርት ፖኮርኒ የተባለ ኬሚስት አሠራሩን አሳተመ፤ ስለ አረም ግን ያነሳው ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝና የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የዕፅዋትን ሆርሞን እያጠኑ ነበር። ተክል የሚያድገው ኦክሲን በሚባል ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ቱፎርዲ ያንን ሆርሞን መስሎ ይገባል። ቅጠለ ሰፊ ተክል ሲደርሰው «እደግ፣ እደግ» የሚል ትእዛዝ ያለ ልክ ይጎርፍበታል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ የሣር ዘር ስለሆኑ ይቋቋሙታል። ሰብሉን ትቶ አረሙን የሚገድልበት ብልሃት ይኸው ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤዝራ ክራውስ እንዲህ ያለው ነገር የጠላትን ሰብል ለማጥፋት ይውላል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሜሪላንድ ውስጥ ካምፕ ዴትሪክ በሚባል የጦር ሰፈር ከ1 ሺህ በላይ ውሁዶች ተሞከሩ። ለጦር ሜዳ ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ። ልብ በሉ፣ ጦሩ ያሰበው የሰው ማሳ ሊያደርቁበት ነው። በ1944 ደግሞ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰዎች ሣር ሜዳ ላይ ረጭተው ሣሩ ሳይነካ ቢጫ አበባ ያለው አረም ብቻ ሲሞት አዩ። በቀጣዩ ዓመት ገበያ ወጣ። በ1945 አሜሪካ ውስጥ የተመረተው 1 ሚሊዮን ፓውንድ አይሞላም ነበር፤ በ1946 ከ5 ሚሊዮን አለፈ። ገበሬ እንዲህ የተሻማበት ኬሚካል ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ክራውስ ነገሩ ሰው እንደማይጎዳ ለማሳየት በየቀኑ ግማሽ ግራም፣ ለ3 ሳምንት በላ ተብሎ ተጽፏል። ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም እጃቸው ላይ ሲፈስ ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው «ምንም አይል!» ይላሉ። ከፕሮፌሰሩ እስከ ገበሬው ማስረጃው አንድ ነው፦ እኔ አልሞትኩም።

ወደ ቬትናም እንምጣ። የአሜሪካ ጦር ከ1962 እስከ 1971 ድረስ ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፀረ አረም በቬትናም ጫካና ማሳ ላይ ረጭቷል። ከግማሽ በላዩ ኤጀንት ኦሬንጅ የሚባለው ነው። ኤጀንት ኦሬንጅ ደግሞ ግማሹ ቱፎርዲ፣ ግማሹ የቱፎርዲ ወንድም የሆነው ቱፎርፋይቭቲ ነው። የፌስቡኩ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አልዋሸም። ግን ያንን ሁሉ መከራ በዋናነት ያመጣው ዳዮክሲን የሚባል ቆሻሻ ነው፤ እሱም የመጣው ከወንድምየው ምርት ነው። አሜሪካ ቱፎርፋይቭቲን በ1979 አገደች፣ በ1985 ጨርሳ ከገበያ አወጣች። ቱፎርዲ ግን ገበያ ላይ ቆየ። ስለዚህ «እንጀራችን ላይ ኤጀንት ኦሬንጅ» ማለት በወንድም ጥፋት ወንድምን ማሰር ነው።

ሆኖም ነፃ ነው ብዬ አልሸኘውም። በ2013 የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ከቻይና የገባ ቱፎርዲ አስመርምረው ከፍ ያለ ዳዮክሲን አገኙበት። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ ፋብሪካው በደንብ ካላጠራው ቆሻሻው አብሮ ይመጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። አጎቴ ጓሮ ያለው ጀሪካን ውስጥ ቱፎርዲ ብቻ ነው ወይ ያለው? እኛ አገር የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል (ይህች ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ናት)። ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይሸጥ ይከለክላል። የአጎቴ ጀሪካን ግን ገበያ ቀን ከአንዲት ሱቅ፣ ከትልቅ በርሜል ተቀድቶ ነው የመጣው። ምንም ጽሑፍ የለበትም። የዘይት ጀሪካን ነው።

ስለ ካንሰር ጠይቁኝ ካላችሁ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ቱፎርዲን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ጋር 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ደካማ ማስረጃ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ራውንድ አፕ በሚባለው ሌላ የአረም ማጥፊያ ውስጥ ያለውን ግላይፎሴት ከፍ አድርጎ 2ኤ አለው። ከወራት በኋላ ቀይ ሥጋንም እዚያው 2ኤ ውስጥ ሲጨምረው ቁርጥ ቤቶች አልተዘጉም። ምድቡ የሚናገረው ነገሩ ካንሰር የማምጣት ባሕርይ ይኖረው እንደሆነ እንጂ አንተ በምትነካው መጠን ምን ያህል እንደሚያሰጋህ አይደለም። ራውንድ አፕ ግን ፍርድ ቤት ቆሟል። በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ሠራተኛ አምራቹን ሞንሳንቶን ከሶ 289 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት፤ በይግባኝ ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በዚያው ዓመት ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ባየር በ2020 ክሶቹን ለመጨረስ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። የሠራተኛው ሥራ መርጨት ነበር። ይህችን ያዙልኝ። በላተኛው ሳይሆን ረጪው ነው የከሰሰው።

እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጮኸው ስለ በላተኛው ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብለን እንጀራችን ላይ ምን አለ እንላለን። ቱፎርዲ የሚረጨው ጤፉ ገና በቡቃያነቱ ነው፤ እስኪታጨድ ወራት ይቀሩታል፣ በመሀል ዝናብ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ አፈሩ ውስጥም በሳምንታት ይበላሻል። በመርጫው የተዘፈቀው ሰው ግን እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመርዛማነት «መካከለኛ» ብሎ የመደበው ነገር ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ቀልድ አይደለም። አጎቴ በረባሶ ተጫምተው፣ አፋቸውን በፎጣ ሸፍነው፣ ጓንት የሚባል ሳይነኩ፣ ንፋሱ ፊት ለፊት እየመጣባቸው ግማሽ ቀን ረጩ። የመርጫው ክዳን ስለሚያፈስ ጀርባቸው ርሶ ነበር። በዚያው ሸሚዝ ምሳ በሉ።

ደግሞ ስኒዋን አሰብኩ። የሚመከረው ለሄክታር 1 ሊትር ነው፤ በ200 ሊትር ውኃ። ባለ 16 ሊትር መርጫ ላይ ሲሰላ 80 ሚሊ ሊትር ይመጣል። እሱ ማለት አንድ ስኒ ነው! አጎቴ ሳያውቁት ትክክለኛ መለኪያ ይዘዋል። ያበላሸው ሁለተኛው፣ የጥርጣሬው ስኒ ነው። ጥርጣሬያቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አምና የተሸጠላቸው ውኃ ተቀላቅሎበት አረሙ ሳቀባቸው።

በአራተኛው ቀን የጎረቤት ባቄላ ጠመም ማለት ጀመረ። ማሳው ከአጎቴ ጤፍ በአንድ ድንበር ብቻ ነው የሚለየው። ግንዱ እንደ ጠጉር ሽሩባ ተጠምዝዟል፣ ጫፉ ወደ መሬት ተቆልምሟል። ሴትዮዋ መጥተው ዝም ብለው ቆመው አዩት። ከዚያ «ዓይን ነው» አሉ። አጎቴ መሬት መሬት አዩ። እኔም አልተናገርኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ ይታገድ? የሚለው ይመጣል። «ይታገድ» የሚለውን ሰው መጀመሪያ አንድ ጥማድ ጤፍ በእጁ ያርም እላለሁ። ቁጢጥ ብለህ፣ ጭቃ ላይ፣ ከጤፍ ቡቃያ የማይለይ አረም እየለቀምክ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። አክስቴ ወገባቸውን ይዘው የሚነሱት በእርጅና ብቻ አይደለም። «ቱፎርዲ ሲመጣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ዋሉ» ነው የሚሉት። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ስለ እገዳ ባያወራ ደስ ይለኛል።

ግን የቱፎርዲ ውለታ ዕዳም አለው። አርሲና ባሌን እዩ። ስንዴ በስንዴ ላይ እየተዘራ፣ በየዓመቱ ቱፎርዲ እየተረጨ፣ ቅጠለ ሰፊው አረም ጠፋ። ቦታውን ማን ያዘው? ስናርና አሰንዳቦ። የስንዴ ዘመዶች ስለሆኑ ቱፎርዲ አይነካቸውም። ከዚያ ለነሱ ሌላ ኬሚካል መጣ፣ ፓላስ ተባለ፣ ዋጋውም ከቱፎርዲ ጋር አይወዳደርም። አሜሪካኖቹም በሌላ መንገድ እዚሁ ነው የደረሱት። አረሙ ግላይፎሴትን ሲለምድባቸው በ2014 የጥንቱን ቱፎርዲ ከግላይፎሴት ጋር ቀላቅሎ የያዘ ምርት ፈቀዱ። የ70 ዓመት ሽማግሌ ከጡረታ ተጠራ። መሀል ላይ ባቄላ ወይ አተር እያፈራረቁ መዝራት ስናሩን ያዳክመዋል፤ ገበሬው ይህን ድሮም ያውቃል፣ ስንዴው ብር ስለሆነ ነው የተወው።

ንብ አናቢዎችም አቤቱታ አላቸው። ለኛ አረም የሆነው፣ መች የሚባለው ተክል፣ ለንብ ቀለብ ነው። አደይ አበባም ቅጠለ ሰፊ ነው። ማሳ ዳር በመስከረም ቢጫ ሆኖ የሚታየው ሁሉ የቱፎርዲ ዒላማ ነው።

እኔ የምለው ሩቅ አይደለም። ጀሪካኑ ከፋብሪካ እንደታሸገ፣ በሊትርና በግማሽ ሊትር ይሸጥ፤ ከበርሜል መቅዳት ይቅር። መለኪያ ስኒና ጓንት አብሮ ይሰጥ፣ ዋጋው ላይ ቢጨመርም ይጨመር። ወደብ ላይ ዳዮክሲኑ ይመርመር። የግብርና ባለሙያውም «መድኃኒት ደርሷል፣ ኑ ውሰዱ» ማለቱን ይተው። መድኃኒት ከተባለ ሁለት ስኒ ቢሆን ምን አለበት? መድኃኒት ሲበዛ ቶሎ ያድናል ብሎ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። መርዝ ቢባል አጎቴ ስኒዋን አያነሷትም ነበር፤ የአይጥ መርዝ በቡና ስኒ ሲለኩ አይቼ አላውቅም።

ከምንጃር ስመለስ የምችለውን ነግሬያቸው ነበር። ንፋስ ሲኖር አይርጩ፣ አንድ ስኒ ይበቃል፣ ስኒዋም ለብቻዋ ትቀመጥ፣ ባዶ ጀሪካኑን 3 ጊዜ አለቅልቀው ይብሱት አልኩ። ባለፈው ሳምንት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቱፎርዲው አለቀ?»

«ድሮ!»

«ጀሪካኑንስ?»

«እንዳልከኝ 3 ጊዜ አለቀለቅነው። ንጹሕ ነው።»

«በሱትስ?»

«አዬ አንተ ልጅ፣ ከተበሳ ውኃ በምን ይቀዳል?»