ማስተካከያ፦ ቨርቹዋል ማሽንም እንደ ኮምፒውተር ይቆጠራል
ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ባለፈው ሳምንት ለጎንደር ፒያሳ የባነርና የሠርግ ካርድ ቤቶች በተሰራጨው መረጃ «ፎቶሾፕ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ከተጫነ እንደ ሌላ ኮምፒውተር አይቆጠርም፤ በአንድ ሰው ክፍያ ሱቁ በሙሉ ይሠራል» ተብሎ ነበር። ልክ አይደለም።

በፎቶሾፕ ሠሪው አዶቤ የግል ደንበኝነት አካውንቱ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ሲሆን ቨርቹዋል ማሽኑም አንዱን ቦታ ይይዛል። በዋናው ዊንዶውስና በውስጡ ባለው ማሽን ገብታችሁ በሦስተኛው ስትሞክሩ፣ ከሁለቱ ከአንዱ እንድትወጡ የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል። በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ መሥራትም አይፈቀድም። ስለዚህ ለሁለት ዲዛይነር ሁለት ክፍያ ነው፤ መራራ ቢሆንም።

ፎቶሾፕ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሠራ «ፍጥነቱ አይቀንስም» የተባለውም ይታረም። ፎቶሾፕ ብቻውን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ይፈልጋል፤ 8 ብቻ ያለውን ላፕቶፕ ራም ለዋናው ዊንዶውስና ለቨርቹዋል ማሽኑ ከፍሎ የጥምቀት ባነር መሥራት ራስን ማስቸገር ነው። ግራፊክስ ካርዱም (ምስል የሚያሳየው የኮምፒውተሩ ክፍል) ለቨርቹዋል ማሽኑ በአግባቡ ስለማይደርሰው ሸራውን እንደማሽከርከር ያሉ መሣሪያዎች ላይሠሩ ይችላሉ። አዶቤ ራሱም ለዚህ አጠቃቀም ሙሉ ድጋፍ አይሰጥም።

በድሮ የግዕዝ ፎንት የተሠሩ ፋይሎችን በአሮጌ ዊንዶውስ ለመክፈት ቨርቹዋል ማሽን ይጠቅማል የተባለው ግን እንዳለ ይቆያል።