ለክቡር የጨዋታ ሰዓት ለውጥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር የጨዋታ ሰዓት ለውጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቅዳሜውን ጨዋታ፣ ማለትም የእሑዱን፣ ይቅርታ የሰኞውን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በመልካም ጤንነት እንደሚገኙ አንጠራጠርም። ትንሽ እንኳ አሞዎት ቢሆን ኖሮ ጨዋታው መጀመሪያ በተያዘለት ቀን ይደረግ ነበር።

እኛ ቡድናችን ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ተከትለን፣ መንገዱንም ሰዉንም ወደማናውቀው ከተማ የምንሄድ ደጋፊዎች ነን። ይህ ደብዳቤ አቤቱታ እንዳይመስልዎ። አቤቱታ የሚቀርበው ለሚሰማ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የስርጭት መብት ከገዛ በቀር ማንንም ሰምተው አያውቁም። የመጣነው ልናመሰግንዎ ነው። ድሮ ደጋፊ የሚያውቀው አሰላለፍና የነጥብ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። በእርስዎ ትጋት ዛሬ የሆቴል ስረዛ ደንብ፣ የአየር መንገድ ውል፣ የሌሊት ባቡር መነሻና የሻንጣ ማስቀመጫ መዝጊያ ሰዓት በቃሉ የሚወጣ ሊቅ ሆኗል።

ትምህርቱ የሚጀምረው የውድድር ዓመቱ መርሐ ግብር በወጣ ዕለት ነው። ሃያ ክለቦች ያሉት ሊግ በአንድ ዙር አሥር ጨዋታ አለው፤ አሥሩም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ተብለው ይደረደራሉ። አዲስ ተጓዥ ይህን አይቶ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል። የቆየው ግን አሥር ጨዋታ በአንድ ሰዓት ተሰልፎ ሲያይ ቦታ መያዣ መሆኑ ይገባዋል፤ ቴሌቪዥኖቹ የሚያስተላልፉትን ገና አልመረጡም። እነሱ ሲመርጡ ዙሩ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ማታ ይበተናል። የውጤት መተግበሪያዎች ደግሞ ጊዜያዊውን ሰዓት ልክ እንደተረጋገጠ አድርገው ያሳያሉ። ስለዚህ የምናምነው ሊጉ ወይም ክለቡ በራሱ ገጽ ላይ ቀኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን እየፈራን።

ማንም አያውቀኝም ብለው ያስቡ ይሆናል። እናውቅዎታለን። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ሐሙስ በዩሮፓ ሊግ ወይም በኮንፈረንስ ሊግ የሚጫወት ከሆነ፣ የቅዳሜው ጨዋታ ወደ እሑድ ሊሸሽ እንደሆነ እናውቃለን። በቀጣዩ ማክሰኞ ቻምፒየንስ ሊግ ካለው ደግሞ የእሑዱ ወደ ቅዳሜ፣ አንዳንዴም ወደ ዓርብ ይጎተታል። የሀገር ውስጥ ዋንጫ ከሊጉ ዙር ጋር በአንድ ሳምንት ሲጋጭና አንዱ ቡድን ከዋንጫው ገና ሳይወድቅ ሲቀር፣ የሊጉ ጨዋታ ቀን ሳይቆረጥለት «ወደፊት ይገለጻል» ተብሎ ይሸኛል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያርፈው በሥራ ቀን ማታ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው የራሱን ቡድን ካሌንደር ብቻ እያየ ነው። የባለሜዳው የአውሮፓ ጨዋታም እኩል ያፈናቅላል። ከተማው ሁለት ትልልቅ ክለቦች ካሉት የጎረቤትየውንም ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን በሜዳቸው ሲጫወቱ ፖሊስ ደስ አይለውምና።

እጅዎ የማይደርስበት ቦታ እንዳለም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በስፔኗ ሂኾን ከተማ ሲገናኙ፣ አልጄሪያ ከአንድ ቀን በፊት ጨዋታዋን ጨርሳ ነበር። ሁለቱንም የሚያሳልፈው ውጤት የታወቀ ስለነበር ጀርመን በ10ኛው ደቂቃ አንድ አገባች፤ ከዚያ በኋላ ኳሷ ከእግር ወደ እግር ስትንሸራሸር አመሸች፤ አልጄሪያም ተሰናበተች። ከ1986 ጀምሮ በዓለም ዋንጫ የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች የሚደረጉት በአንድ ሰዓት ነው። ከትልልቆቹ ሊጎችም አንዳንዶቹ በመጨረሻው ዙር ተመሳሳዩን ያደርጋሉ። ቻምፒየንስ ሊግ በ2024/25 ወደ 36 ክለቦች ካደገ ወዲህ ደግሞ የሊግ ምዕራፉ መዝጊያ ምሽት 18 ጨዋታዎች በአንድ ፊሽካ ይጀምራሉ። አንዱን ብቻ ነጥለው ማንቀሳቀስ አይችሉም። ከእርስዎ ተደብቆ መጓዝ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የመጨረሻውን ዙር ይመርጣል። የመጨረሻው ዙር ትኬት እንዴት ይገኛል የሚለው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወደ ገንዘቡ እንለፍ። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል በሆነው በዩኤፋ ውድድሮች ባለሜዳው ከስታዲየሙ መቀመጫ 5 በመቶውን ለእንግዳ ደጋፊ መልቀቅ አለበት። 60,000 ሰው በሚይዝ ሜዳ ይህ 3,000 ሰው ነው። እርስዎ ጨዋታውን ከአንድ ምሽት ወደ ሌላው ሲያሻግሩ 3,000 ሰው አልጋ፣ መቀመጫና የሥራ ፈቃድ ፍለጋ ይሯሯጣል። ክለቡ ደግ ነው፤ የጨዋታው ትኬት ለአዲሱ ቀን ያገለግላል፣ መሄድ ያልቻለ ደግሞ በተሰጠው አጭር ቀነ ገደብ ውስጥ ከጠየቀ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከጠቅላላው የጉዞ ወጪ ውስጥ ትንሿ ያቺ መሆኗን መቼም የሚክድ የለም። አውሮፕላኑንና ሆቴሉን የሚመልስ ግን አልተወለደም።

በዚህም ምክንያት ቅደም ተከተላችንን ቀይረናል። መጀመሪያ የምንይዘው አልጋ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ወደድ ቢልም ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን። የስረዛው ቀነ ገደብ የሚቆጠረው በሆቴሉ ከተማ ሰዓት እንጂ በእኛ አይደለም፤ ስለዚህ የስልክ ማንቂያው የሚሞላው ከገደቡ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ከዚያ የጨዋታው ትኬት። መጓጓዣው ይቆያል፣ ሰዓቱ እስኪረጋገጥ። ዋጋው እየናረ ሄዶ መጠበቅ ካልተቻለ፣ ቀን መቀየር የሚፈቅደው ይገዛል፤ መሄጃውና መመለሻውም ለየብቻ። ለምን ቢሉ፣ ደርሶ መልስ ቆርጦ በእርስዎ ምክንያት የመሄጃውን በረራ የተወ ሰው፣ ሌላ መንገድ ፈልጎ ቢደርስ እንኳ መመለሻው ብዙ ጊዜ አይጠብቀውም። አየር መንገዱ «ተሳፋሪው አልቀረበም» ይልና የቀረውን ጉዞ በሙሉ ይሰርዘዋል። ቪዛ የሚያስፈልገው ደግሞ የመውጫውን ቀን ከጨዋታው ማግስት ላይ ካደረገ፣ ወደ ሰኞ የተገፋውን ጨዋታ በሕጋዊ መንገድ ማየት አይችልም። ሲያመለክት ጥቂት ትርፍ ቀናት መጠየቅ አለበት፤ ምክንያት ቢጠየቅ የእርስዎን ስም መጥራት ነው።

አሁን ወደሚወዱት ክፍል፣ ወደ ማታው። ጨዋታውን ከቀኑ 9 ሰዓት አንስተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲያስቀምጡት፣ በእርስዎ ቤት ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የገፉት። እስቲ አብረን እናስላ። ሁለት 45 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ እረፍት፣ በሁለቱም አጋማሽ የሚጨመር ወደ 10 ደቂቃ፤ የመጨረሻው ፊሽካ 4፡55 ግድም ይሰማል። ከዚያ የባለሜዳው ሕዝብ ወጥቶ እስኪበተን የእንግዳው ክፍል በር አይከፈትም። ይህ 15 ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ 45ም፤ ፖሊስ ያውቃል። ግማሹን ወስደን 5፡25 ወጣን እንበል። ጣቢያው ድረስ ግማሽ ሰዓት በእግር፣ እዚያም ሰልፍ። ሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ፤ የመጨረሻው ባቡር ጥሎን ሄዷል። ጥሎ ማለፍ ከሆነ ደግሞ 30 ደቂቃ ጭማሪ ሰዓት አለ፣ በየመሃሉ ትንፋሽ መሰብሰቢያ አለ፣ መለያ ምት አለ፤ ሌላ 50 ደቂቃ ይያዝ። በዚያ ሰዓት ቡድናችን እንዲያልፍ ሳይሆን እንዲያልቅለት የሚጸልይ ደጋፊ አይተው ከሆነ፣ የእርስዎ ሥራ ነው።

ከቅዳሜ ወደ እሑድ ሲያዞሩን ሌላም ነገር አብሮ ይዞራል። በብዙ ከተሞች ሜትሮው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ያመሻል፤ እሑድና ሰኞ ግን በጊዜ ይተኛል። ስለዚህ ያው መስመር፣ ያው ጣቢያ፣ ያው ፊሽካ ሆኖ ባቡሩ ብቻ አይኖርም። የመመለሻ ሰሌዳ ሲታይ ቀኑን አስገብቶ ነው እንጂ «ሜትሮው እስከ ስንት ይሠራል» ብሎ ብቻ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ከሁሉ በላይ የምናደንቅልዎ ወጥመድ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለችዋ ናት። ጨዋታው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ባቡሩ የሚነሳው 00:15 ተብሎ ነው። እኛ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ እንላለን፤ ለባቡሩ ግን ቀኑ እሑድ ነው። የቅዳሜን 00:15 የቆረጠ ሰው፣ ጨዋታው ሳይጀመር ሃያ ሰዓት ቀድሞ የሄደ ባቡር ትኬት በእጁ ይዞ መሳፈሪያው ላይ ይቆማል። ባርኮዱ ቀይ ይበራል፣ ተቆጣጣሪው ቀኑን በጣቱ ያሳያል፣ ሰውየውም ትኬቱን ደጋግሞ ያገላብጣል። ሆቴልም እንዲሁ ነው፤ እሑድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገብቶ የሚተኛ ሰው ማስያዝ ያለበት የቅዳሜን ሌሊት ነው፣ አርፍዶ እንደሚመጣም ቀድሞ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አልጋው ለሌላ ይሰጣል።

ሻንጣው ቀረ። ብዙ ስታዲየሞች ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ አያስገቡም። ስለዚህ ቦርሳው ጣቢያው ያለው ማስቀመጫ ይገባል። ከቀኑ 9 ሰዓት ለሚጀምር ጨዋታ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ለምሽት 3 ሰዓቱ ግን ማስቀመጫው እኛ ሳንመለስ ይዘጋል፤ ፓስፖርቱን ወይም የስልክ ቻርጀሩን እዚያ የተወ ሰው ሌሊቱን ከብረት መዝጊያው ፊት ያሳልፋል። ሆቴል ላይ መተው ይሻላል፤ እንግዳ መቀበያው ሌሊቱን ሙሉ ሰው እንዳለው ተጠይቆ።

ዘመዶችዎም እንደ እርስዎ ታታሪ ናቸው። አንዱ ሞክሼዎ፣ አገር ሁሉ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት የሰዓት ለውጥ፣ በአውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ይመጣል፤ ማርች ላይ አንድ ሰዓት ሰርቆ፣ ኦክቶበር ላይ መልሶ ይሄዳል። የማርቹ እሑድ የቀትር ጨዋታ ካለ ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የእጅ ሰዓት አያስተካክልም። ሌላው ዘመድዎ የስም ለውጥ ነው። በጀርመን ሊግ አሊያንዝ አሬና የምንለው ሜዳ በዩኤፋ ጨዋታ የስፖንሰር ስሙ ተነስቶ የሙኒክ ፉትቦል አሬና ይሆናል፤ ትኬቱ ላይ አንድ ስም፣ ካርታው ላይ ሌላ። ካርታው ደግሞ ሁልጊዜ የሚወስደን ወደ ዋናው በር ወይም ወደ ክለቡ ሱቅ ነው። የእንግዳው መግቢያ ብዙ ጊዜ በሌላው በኩል ነው፤ መሃሉ በፖሊስ አጥር ተዘግቶ ዙሪያውን መሄድ ግድ ይሆናል። ካርታ ላይ የሚፈለገው የስታዲየሙ ስም ሳይሆን ትኬቱ ላይ የተጻፈው የበር ቁጥር ነው። ትኬቱም ስልክ ውስጥ ነው፤ ባርኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ የሚቀያየር ከሆነ ፎቶ ማንሳት አይረዳም፣ ባትሪው ካለቀም ትኬቱ አብሮ አለቀ። ጨዋታውን ስድስት ሰዓት ሲገፉት ባትሪውንም ስድስት ሰዓት እንደገፉት ልብ ይሏል።

ለታሪክ ያህል አንድ ነገር እናንሳ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 አይንትራክት ፍራንክፈርት ሰኞ ማታ ላይፕዚግን ሲያስተናግድ፣ የሰኞን ጨዋታ ያልወደዱ ደጋፊዎች ሜዳው ላይ የቴኒስ ኳስ አዘነቡ፤ ሁለተኛው አጋማሽም ዘግይቶ ጀመረ። የጀርመን ሊግ ቡንደስሊጋው ከ2021/22 ጀምሮ የሰኞ ጨዋታን አስቀረ። ይህን ያነሳነው ለማስፈራራት አይደለም። የቴኒስ ኳስ ከኤ4 ያንሳል ለማለት ያህል ነው።

ልመናችን አንዲት ናት። መምጣትዎ ካልቀረ፣ የሆቴሉ ነጻ ስረዛ ሳያልፍ ይምጡ።

ከሠላምታ ጋር፣
ተጓዥ ደጋፊዎች
(አድራሻ፦ በሩ እስኪከፈት የእንግዳ ደጋፊዎች ክፍል)

ግልባጭ፦
ለመጨረሻው ባቡር ሹፌር፣ 10 ደቂቃ እንዲታገሡን
ለጣቢያው የሻንጣ ማስቀመጫ፣ ቻርጀሩን በተመለከተ
ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት ክፍል፣ ማክሰኞን በተመለከተ
ለቴሌቪዥን ጣቢያው፣ እንዲያውቀው ያህል