አጋታርኪደስን ስንጠቅስ የማንን ቃል ነው የምንጠቅሰው?

ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ዓባይ የጥንት ታሪክ ስንጽፍ የግሪክ ጸሐፍትን በምስክርነት መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። ከምስክሮቹ አንዱ አጋታርኪደስ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ችሎት ፊት አልቆመም፤ የምንሰማው ቃሉን ያቀበሉንን ሰዎች ነው። የስሚ ስሚ ምስክርነት ዋጋ የለውም አልልም፤ የስሚ ስሚ መሆኑ ግን ሊነገር ይገባል።

አጋታርኪደስ በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ የነበረችው የክኒዶስ ከተማ ተወላጅ ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ በጥሊሞሳውያን የተባሉት የግሪክ ነገሥታት ግብፅን በሚገዙበት ዘመን፣ በእስክንድርያ ኖሮ ጽፏል። ስለ እስያ 10፣ ስለ አውሮፓ 49፣ ስለ ኤርትራ ባሕር (ግሪኮች በዚህ ስም ከቀይ ባሕር አልፈው የሕንድ ውቅያኖስንም ይጠሩ ነበር) 5 መጻሕፍት የጻፈ ሲሆን፣ ከ64ቱ አንዱም ሙሉውን አልደረሰንም። ስለ ባሕሩ የጻፈው የተረፈው በዋናነት በሁለት ሰዎች እጅ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የሲሲሊው ዲዮዶሮስ በራሱ ታሪክ ውስጥ አስገብቶታል፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎጥዮስ ከአንደኛውና ከአምስተኛው መጽሐፍ ቀንጭቦታል።

ሁለቱ ከ800 ዓመት በላይ ተራርቀው አንዱን ቦታ ሲቀነጭቡ የደራሲው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ከግብፅ በስተደቡብ ስለነበሩት የወርቅ ማውጫዎች የተረኩት ለዚህ ማስረጃ ነው፤ መብራት ግንባራቸው ላይ አስረው ዐለት የሚፈነቅሉ እስረኞች፣ በጠባብ ዋሻ እየዳኹ ስብርባሪውን የሚለቅሙ ልጆች፣ ወፍጮ የሚገፉ ሴቶች በሁለቱም ዘንድ አሉ። እስረኞቹ ጠባቂዎቹን አግባብተው እንዳያመልጡ፣ ጠባቂዎቹ ቋንቋቸውን የማያውቁ ባዕዳን ወታደሮች እንደነበሩም ዲዮዶሮስ ይጽፋል። በጥንቱ ዓለም ጽሑፍ ውስጥ ለጉልበት ሠራተኛ እንዲህ ያዘነ ገጽ ብዙ አላነበብኩም።

አንድ አቀባይ ብቻ ያለው ቃል ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዓባይ በግሪኮች በጋ የሚሞላው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በኢትዮጵያ ተራሮች በሚጥለው ዝናብ ነው የሚለው፣ ለእኛ የክረምት ነገር ስለሆነ የማያስደንቀን፣ ለግሪኮች ግን የዘመናት እንቆቅልሽ የነበረው መልስ፣ ከአጋታርኪደስ ስም ጋር የደረሰን ዲዮዶሮስ «ለእውነት የቀረበው እርሱ ነው» ብሎ ስለመረጠው ነው። ባይመርጠውስ?

«ኢትዮጵያ» የሚለው ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ የሚሸፍን ስም እንጂ የዛሬዋን አገር ብቻ የሚያመለክት አልነበረም። ለምሳሌ፣ የሚያድኗቸውን ዝሆኖች ሳይገድሉ በሕይወት እንዲያስረክቡት የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ ቢለምናቸው፣ መላ መንግሥቱን ቢሰጠን እንኳ አኗኗራችንን አንለውጥም ያሉትን አዳኞች ያለ ማስረጃ የዚህ ወይም የዚያ ሕዝባችን አባቶች ማድረግ ጸሐፊው ያላለውን ማስባል ነው። እኔ የምጠይቀው ከጥቅሱ አጠገብ ሁለት ስም እንዲጻፍ ብቻ ነው፤ የተናገረውና የቀነጨበው።

አጋታርኪደስ ራሱ በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ግልጽ ነበር። በአምስተኛው መጽሐፉ መጨረሻ፣ ፎጥዮስ እንዳስተላለፈልን፣ ዕድሜው እንደገፋና በግብፅ በተነሣው ሁከት ምክንያት መዛግብቱን በትክክል መመርመር እንዳልቻለ ገልጾ፣ ሥራውን ከዚያ በላይ እንደማይቀጥል ለአንባቢው ይናገራል።