ሰሙ ከጓንጁ፣ ወርቁ ከጎንደር

የጎንደር ሰው ተጠራጣሪ ነው እያሉ የሚያሙን አሉ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ አንድ ኪሎ ቅቤ የሚገዛ ጎንደሬን ያየ ሰው ሐሜቱን ቢያምን አልፈርድበትም። ገዢው መጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ በጥፍሩ ቆንጠር አድርጎ ይቀምሳል፤ በእጁ ጀርባ ላይ ያሸዋል፤ ሙዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን እንጨት ይዞ እስከ መሃሉ ይወጋዋል። ሻጪቱን ከየት እንደመጣች፣ ላሟ ምን እንደምትበላ፣ ቅቤው መቼ እንደተናጠ ይመረምራታል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ "እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ" ብሎ ይሄዳል።

እኔ ዛሬ የተነሣሁት ይህን ስም ማጥፋት ለመሻር ነው። ያው ቅቤ የወጋው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ስልኩን ከፍቶ ከባሕር ማዶ ሲነግድ እዩትና ፍረዱ። ረግጦት ለማያውቀው አገር፣ ድምፁን ላልሰማው ሰው፣ ፎቶ ብቻ አይቶ የዐሥር ዓመት ጥሪቱን ይልካል። አያሸትም፤ አይቀምስም፤ አይወጋም። ዞር ብሎ ለመምጣትም ጊዜ የለውም፤ ቅናሹ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል ተብሏላ።

አባቶቻችን ይህ ጸጋ አልነበራቸውም። ጎንደር የነጋድራሶች ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ የመተማንና የምጽዋን መንገድ በእግሩ የሚለካው ሲራራ ነጋዴ የሚገበያየው በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ እዚያው ባሕር ማዶ ተመትቶ የሚመጣ ነው። አባቶቻችን ግን "ንግሥት ናትና እንመናት" አላሉም። ብሩን ወደ ፀሐይ አዙረው በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጥሩ ነበር። ነጠብጣቡ ተፍቆ ያገኙት እንደሆነ ብሩን ለባለቤቱ ይመልሱለታል። የንግሥት ጌጥ መቁጠር! ጨዋነት የሚባል ነገር አልደረሰባቸውም።

እኛ የሰው ጌጥ አንቆጥርም። በቻይና የተመዘገበ ድርጅት ሁሉ በንግድ ፈቃዱ ላይ 18 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያንን ቁጥር የአገሩ መንግሥት በኢንተርኔት በከፈተው የድርጅቶች መዝገብ ውስጥ ያለ ክፍያ መፈለግ ይቻላል፤ ድርጅቱ መቼ እንደተቋቋመ፣ የተመዘገበው ማሽን ለመሥራት ይሁን የሕፃናት ልብስ ለመነገድ፣ ፈቃዱ ይኑር ወይም ይሰረዝ እዚያው ይታያል። የፈቃዱን ቅጂ "ላክልኝ" ብሎ መጠየቅ ግን ሻጩን ማስቀየም ነው። ለቅቤ ሻጪቱ ያልተቆጠበ አፍ እዚህ ላይ ሲደርስ ይታሰራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቅኔው ነገር ነው። ጎንደር ላይ ሰምና ወርቅ ያልገባው ሰው እንደ እንግዳ ይቆጠራል። አንድ ሰው "እንደምን አደርክ" ቢለን "ይህ ሰው ምን ለማለት ነው?" ብለን እስከ ምሳ ሰዓት ስንፈታው የምንውል ሕዝብ ነን። ስልካችን ላይ "ወርቅ አቅራቢ" የሚል ምልክት ስናይ ግን መፍታት እናቆማለን። ወርቅ ተብሏል፣ ወርቅ ነው! ያ አሊባባ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ለሻጮች የሚሰጠው የወርቅ ምልክት የአባልነት ክፍያ ነው፤ ሻጩ ለመድረኩ ገንዘብ መክፈሉን ይናገራል፣ ስለ ዕቃው ጥራት አንድም ቃል አይወጣውም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ኩባንያው ራሱ ከእነዚሁ ወርቅ አቅራቢዎች መካከል ከ2,300 የሚበልጡት ገዢ ሲያጭበረብሩ እንደነበር፣ ከራሱ የሽያጭ ሠራተኞችም የተባበሯቸው እንዳሉ አስታወቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ዌይ በማጭበርበሩ እጁ ባይኖርበትም ኃላፊነቱን ወስዶ ሥራውን ለቀቀ። ሰውየው የለቀቀው ቅኔያችንን ስላልተማረ ይሆናል። እኛ ብንሆን ሰሙን ይዘን ወርቁ ነው እያልን እንቀጥል ነበር፤ እየቀጠልንም ነው።

አንድ ወዳጄ አለ፤ ስሙን አልጠራም። አራዳ አካባቢ ሱቅ አለው። የመተማ ሰሊጥ በደጃችን እያለፈ እኛ ዘይት ከውጭ እንገዛለን ብሎ የሚቆጭ፣ አገር ወዳድ ሰው ነው። በዚህ ቁጭት ኑግና ሰሊጥ የሚጨምቅ ማሽን ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ካለ ሻጭ አገኘ፤ ዋጋው 14,000 ዶላር። ሻጪቱ ሊሊ ትባላለች። ሊሊ በየማለዳው "ውድ ወዳጄ፣ እናትህ እንዴት አደሩ?" ብላ ትጽፍለታለች። የገዛ እኅቱ በሳምንት አንድ ጊዜ የማትጠይቃትን እናቱን!

ሊሊ ገና ከመጀመሪያው ከመድረኩ ወጥተው በግል እንዲጻጻፉ ጠየቀችው። በመድረኩ በኩል ቢከፍል ገንዘቡ እዚያው ተይዞ ይቆያል፤ ዕቃው እንደ ውሉ ካልሆነ ገዢው አቤት የሚልበት መንገድም አለው። ከመድረኩ ውጭ የከፈለ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። "ለመድረኩ የምንከፍለውን 5 በመቶ ላንተ እቀንስልሃለሁ" አለችው። ወዳጄ ለሦስት ቀን ፊቱ በራ። በ700 ዶላር ቅናሽ ዳኛውን ከችሎት አስወጥቶ መሸጡ አልታየውም።

30 በመቶ ቀብድ ላከ። እዚህ ድረስ ያለው የዓለም ነጋዴ ወግ ነው፤ ቀብዱ ቀድሞ፣ ቀሪው ዕቃው ሲጫን ይከፈላል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሊሊ የማሽኑን ፎቶ ላከችለት፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከእንጨት ሳጥን አጠገብ የቆመ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ የድርጅታችን ሒሳብ በኦዲት ላይ ስለሆነ ቀሪውን 9,100 ዶላር በዚህ ቁጥር አስገባልን። ቁጥሩ የአንድ ግለሰብ ነው። የግለሰቡ ስም ሊሊ አይደለም፤ የድርጅቱም ስም አይደለም፤ ባንኩም ያለው ሌላ አገር ነው።

ነጋዴ የሆነ ሁሉ ሲከፍል አንድ ነገር ብቻ ቢያይ፣ የሒሳቡ ባለቤት ስምና በፕሮፎርማው ላይ ያለው የድርጅት ስም አንድ መሆናቸውን ቢያይ ይበቃው ነበር። ወዳጄ ግን ኦዲት የሚለውን ቃል ሲያይ አንጀቱ ተላወሰ። የኦዲተር ፊት ምን እንደሚመስል ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? "ምስኪን፣ እነርሱንም አላስቀመጧቸውም" አለ። ስሙስ ቢባል "ባሏ ይሆናል" አለ። በማን በኩል እንደላከው አልጠየቅሁትም። በጓሮ በር የወጣ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ደግሞ ባንክም ፖሊስም ዘንድ ሄዶ ምን ብሎ ያመለክታል?

ማሽኑ እስከ ዛሬ በስልኩ ላይ አለ። ሊሊ በማግሥቱ ጠፋች።

በኤል ሲ፣ ማለት ባንክ መሃል ገብቶ ሰነዱ ሲሟላ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ፣ ለምን አልገዛም የምትሉ ትኖራላችሁ። ሞክሮ ነበር። ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ሥራዬ ብላ አስረዳችው። "ጋሼ፣ ባንክ የሚያየው ሰነድ ነው፣ ዕቃውን አይደለም" አለችው። የዓለም ባንኮች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ የሚሠሩበት ደንብ ይህንኑ ይላል፤ ሰነዱ ከተሟላ ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ቢኖርም ባንኩ ይከፍላል። ስለዚህ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱ ገለልተኛ መርማሪ ዕቃው ሳይጫን አይቶ የሚሰጠው የምርመራ ሰርተፍኬት ይሁን ብላ መከረችው። መርማሪ ደግሞ ሞልቷል። ኤስ ጂ ኤስ የሚባለው በዚያው አቆጣጠር በ1878 ፈረንሳይ አገር ሩዋን ከተማ ሲቋቋም ሥራው በመርከብ የሚመጣ እህል መመርመር ነበር። እህል ዘግኖ፣ አይቶ፣ ጉድለቱን መናገር! የእኛ ሰው ጤፍ ተራ ቆሞ በነጻ የሚሠራውን ሥራ ፈረንጅ የዓለም ኩባንያ አደረገው። ወዳጄ የመርማሪውን ክፍያ ሲሰማ "ለማየት ብቻ?" ብሎ ተቆጣና ከባንኩ ወጣ።

እስካሁን ያመሰገንኩት የዋህነታችንን ነው። ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ በጎ ምግባር አለን፤ ዝምታችን። የተበላ ነጋዴ አይናገርም። ፒያሳ ቡና ሲጠጣ "ያ ማሽን ደረሰ?" ቢሉት "ጅቡቲ ላይ ነው" ይላል። ከወር በኋላ "ሞጆ ገብቷል" ይላል። ከዚያ ወዲያ "ትራንዚተሩ አሳመመኝ" ይላል። ስንቱ ምስኪን ትራንዚተር ባልመጣ ዕቃ ተረግሟል! ገበናን መሸፈን የአባት ወግ ነውና ማንም አጥብቆ አይጠይቀውም፤ አጥብቆ የማይጠይቀውም አንዳንዱ የራሱ ዕቃ ጅቡቲ ላይ ስለሆነ ነው።

ወዳጄ ባለፈው ሰሞን ከሱቁ ሦስት በር አልፎ ያለ ጎረቤቱ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ጎረቤትየው በደስታ ስልኩን አወጣና "እስቲ ይቺን እያት፣ ዘይት መጭመቂያ ልገዛ ነው" አለው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከእንጨት ሳጥን አጠገብ የቆመ። ወዳጄ ፎቶውን ትክ ብሎ አየና "ጥሩ ማሽን ይመስላል" አለ። ሻዩን ጨርሶ ወጣ። እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂነት በየትኛው አገር ይገኛል?

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ነበር። ከደንበኛዬ ከቅቤ ሻጪቱ ፊት ተቀመጥኩ። አሸተትኩ፤ ቀመስኩ፤ በእጄ ጀርባ ላይ አሸሁ። እንጨቴን አውጥቼ እንደ ልማዴ መሃሉን ልወጋ ስል ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ አየችኝ።

"ይውጉት ጋሼ፣ ደህና አድርገው ይውጉት" አለችኝ። "የእኔስ ፎቶ አይደለም።"